የጋሽ መኳንንት የጎደለች ገጽ

በጋሽ መኳንንት ልቅሶ ላይ ከት ብሎ የሳቀው ሾፌር እኔ ነኝ። ጎንደር ውስጥ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ የሚያማኝ ሰው አለ። «ያ ጌታሁን የሚሉት፣ የጓደኛው አፈር ሳይደርቅ ድንኳን ውስጥ ተንከተከተ» ይላሉ። አልክድም፣ ተንከትክቻለሁ። ግን ምን አስቆህ ነው ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። እንግዲህ ሳልጠየቅ ልናገር።

መሞቱን የሰማሁት ከቆላ ድባ ስመለስ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ የግቢውን በር እየከፈተልኝ «ጋሽ መኳንንት አረፈ» አለኝ። እኔም ሞተሩን ሳላጠፋ «በደንብ አይታችሁታል?» አልኩት። ዘበኛው ያበድኩ መሰለው። ምን ላድርግ! ዓይኔ እያየ እንቁላል ሲያጠፋ፣ ሰዓቴን ከእጄ ላይ አውልቆ ከሰው ኪስ ሲያወጣ የኖረ ሰው ሞተ ሲሉኝ ወዲያው አምኜ እንዳለቅስ ኖሯል?

ጋሽ መኳንንት የጤና አስተማሪ ነበር። በደርግ ጊዜ እኔና እሱ በአንድ ላንድሮቨር ደምቢያን፣ አርማጭሆን፣ ከዚያም ወዲያ ያለውን አገር አብረን አዳረስነው። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ስለ ወባ ያስተምራል። ሥራው ለሚያወራው ቀላል ነው፤ ገበያ መሐል ቆሞ «የቆመ ውሃ አፋስሱ፣ ኪኒኑን ሳታቋርጡ ዋጡ» ማለት ብቻ። ግን በገበያ ቀን ማን ቆሞ ይሰማል? ሰዉ የመጣው ጤፉን ሊሸጥ፣ በሬ ሊገዛ ነው።

ጋሽ መኳንንት ታዲያ የላንድሮቨሩ ኮፈን ላይ ይወጣል። እኔ «ኮፈኑን አጎበጥከው!» እያልኩ እጮሃለሁ፣ እሱ አይሰማኝም። ምንም ሳይናገር ባዶ እጁን ለሰዉ ያሳያል። ከዚያ ከጨበጠው እጁ ውስጥ ቀይ የሐር መሐረብ መምዘዝ ይጀምራል፤ ይመዛል፣ ይመዛል፣ አያልቅም። በሬ ሲያገበያይ የነበረው ሁሉ በሬውን እየጎተተ ይመጣል። ሰዉ ሞላ ሲል ኪኒን መዳፉ ላይ ያስቀምጥና «ተሻለኝ ብላችሁ ካቆማችሁ እንዲህ ነው» ብሎ እፍ ይላል። ኪኒኑ የለም። «ኪኒኑ ሄደ፤ ወባዋ ግን አለች!»

«የት ገባ?» ይላሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

«ሩቅ አልሄደም» ይላል። ሁልጊዜ መልሱ ይህች ናት። ከዚያ ኪኒኑን ከአንዱ ሽማግሌ ጢም ውስጥ ያወጣዋል።

አንድ ጊዜ ቆላ ድባ ላይ አንድ ገበሬ «አያ መኳንንት፣ ሸጋ ነው፤ እስቲ ይችን ጥጃ ሁለት አርግልኝ» አለው። «ማብዛት የእግዜር ነው አባቴ፤ እኔ የምችለው ያለውን መደበቅ ብቻ ነው» ቢለው፣ ሰውየው ጥጃውን እየነዳ «እሱንማ ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ እኔም እችላለሁ» ብሎት ሄደ። መኳንንት ጎንደር እስክንገባ ድረስ በዚህ ሲስቅ መጣ።

ይህ ግን የውጭው መኳንንት ነው። ዋናው መኳንንት ያለው ወደ ቀሃ ወንዝ ሲወርዱ ባለችው ቤቱ፣ አልጋው ሥር ባለው አረንጓዴ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነበር።

ተማሪ ሳለ አንድ የውጭ አገር ምትሃተኛ ጎንደር ሲኒማ ቤት መጥቶ አሳይቶ ነበር አሉ። ሰውየው ያንን ቀይ መሐረብ ከመኳንንት ጆሮ ውስጥ አወጣና እዚያው ሰጠው። «ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ጆሮዬ ሌላ ነገር አይሰማም» ይል ነበር የቀኝ ጆሮውን እየያዘ። በማግስቱ ሄዶ የሰውየውን ሥዕል ከሲኒማው ግድግዳ ላይ በውሃ እያራሰ ላጠው። ሣጥኑ የተጀመረው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ያልገባበት አለ! ጠርዙ የተቆለመመ ጥቁር ባርኔጣ አለ፣ ንጉሡ የጠፋበት የመጫወቻ ካርታ አለ፣ ሦስት የቆርቆሮ ኩባያ አለ። አንድ ሕንዳዊ አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጠው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አለ። የመተማ መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ከሱዳን ያመጣለት የአረብኛ መጽሐፍም አለ። መኳንንት አረብኛ ፊደል አይለይም። «ምኑን ታነበዋለህ?» ስለው «ጽሑፉ አረብኛ ነው፤ ሥዕሉ ግን አማርኛ ነው» አለኝ።

እነዚያን መጻሕፍት ሲያወጣ ብታዩት! እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ያነጥፋል፣ እኔን «አንተ ናፍጣ ነህ፣ ራቅ በል» ይለኛል። ከዚያ ገጹን ከዳሩ በሁለት ጣቱ ይዞ ሲገልጥ ፊቱ ይበራል። እውነቴን ነው፣ ሌላ ሰው ይሆናል። «ዓይን የዋህ ነው ጌታሁን፤ ወደላኩት ይሄዳል። እዚህ ሣጥን ውስጥ ያሉት ሰዎች ይህን ያወቁት እኔና አንተ ሳንወለድ ነው» ይለኛል። እኔ ጨዋታውን ልይዘው ስንት ዓመት ለፋሁ። አንድም ቀን አልያዝኩትም፤ ይህም ያናድደኝ ነበር።

ወደ ገጿ ልምጣ። አንድ ቀን ቤቱ ምሳ ስንበላ ሚስቱ እትዬ የሻረግ ኮረሪማ የተጠቀለለበትን ወረቀት ፈትታ ወደ እሳቱ ልትወረውር ስትል፣ መኳንንት የጎረሰውን ሳያላምጥ ዘሎ እጇን ያዘ። ወረቀቱ ላይ ሁለት እጆች ተሥለዋል። ጣቶቹ ላይ ቁጥር አለ፣ በጎናቸው ቀስት አለ፣ ከሥር ጣልያንኛ ተጽፏል።

«የሻረግ፣ ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ከባለሱቁ ነዋ፣ ከየት ላመጣው ኖሯል! ምነው፣ እባብ ያየህ መሰልክ እኮ!»

እጁን ሳይታጠብ ወጣ፤ እኔም ተከትዬው ሮጥኩ። ባለሱቁ ከጣልያን ጊዜ ቤት የወጣ አሮጌ ወረቀት በኪሎ ገዝቶ ለቅመም መጠቅለያ ይገነጥለዋል። መጽሐፉ ምስማር ላይ ተሰክቶ ተንጠልጥሏል፤ ግማሹ አልቋል። መኳንንት ከምስማሩ ላይ አውርዶ ደረቱ ላይ ሲለጥፈው የጠፋ ልጁን ያገኘ ይመስል ነበር። «ሙሉውን የምትሃት መጽሐፍ ነው! ሙሉውን!» ይላል። «ግማሹን» አለው ባለሱቁ።

ከዚያማ ሰፈሩን ፍዳውን አሳየው። ቤት ለቤት እየዞረ «ቅመሙን ያዙት፣ ወረቀቱን ስጡኝ» ይላል። ሴቶቹ ይስቁበታል፣ ግን ይሰጡታል። አንዷ በርበሬ ካለበት፣ አንዷ ምስማር ካለበት፣ አንዷ የሽንኩርት ዘር ካለበት እያወጡ ሰጡት። አንዱን ገጽ የወይዘሮ ጥሩነሽ ጠላ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አገኘነው። መኳንንት ጠላ አይወድም ነበር፤ ለዚያች ገጽ ሲል ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ ስንት ጣሳ እንደጠጣ እኔ አውቃለሁ፣ ደግፌ ቤቱ የማስገባው እኔ ነበርኩና። በኋላ ተስማሙ፤ እሷ ገጹን ልታስልጠው፣ እሱ ግድግዳውን በአዲስ ወረቀት ሊለብጥላት። የት ሌላ ወረቀት አለው? ለትምህርት የሚታደለውን የወባ ትንኝ ሥዕል ለጠፈላት። እያንዳንዷ ትንኝ በግ ታክላለች! ጠጪዎቹ ብዙ ጊዜ ጣሳቸው ውስጥ አጎንብሰው ሳያዩ አይጎነጩም ነበር።

በመጨረሻ ገጾቹን በቁጥራቸው ሲደረድር አንዲት ወረቀት ብቻ ጎደለች። ከሷ በፊት ባለው ገጽ ላይ ሁለት ሰዎች የአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ይዘዋል፣ ገመዱ ላይ ቀለበት ተሰክቷል። ከሷ በኋላ ባለው ገጽ ላይ ቀለበቱ ከገመዱ ወጥቷል፣ ሰዎቹ ግን ጫፉን እንደያዙ ናቸው። «መጀመሪያው አለ፣ መጨረሻው አለ፣ እንዴቱ የለም!» እያለ ፀጉሩን ይነጫል። ማታ ማታ በገመድና በእትዬ የሻረግ ቀለበት ይታገላል፤ አይሆንም። ገበያ በሄድን ቁጥር የባለቅመሞቹን መጠቅለያ ሁሉ እያገላበጠ ያያል፤ የለም።

ዘመኑ ደግሞ ክፉ ነበር። ቤት ለቤት እየዞረ የውጭ አገር ወረቀት የሚሰበስብ፣ ያውም ቁጥርና ቀስት ያለበት፣ እንዴት ዝም ይባላል! አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ሣጥኑንም እሱንም ወሰዱ። ጣቶቹና ቁጥሮቹ የድብቅ ድርጅት መግባቢያ ምልክት ናቸው ተብሎ ነው። ፈራሁ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። በዚያን ጊዜ ገብቶ ያልወጣ ሰው ሁላችንም እናውቅ ነበር። እትዬ የሻረግ ደጄ ድረስ መጥታ «ጌታሁን፣ ስለ ወረቀቱ አንተ ታውቃለህ፤ ንገራቸው» አለችኝ። ሾፌር ምን ብሎ ማንን ያስረዳል?

እሑድ ቀን ነዋሪው ለስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ጢም ብሏል። መኳንንትን በሁለት ጠባቂ መሐል አምጥተው አቆሙት። ፂሙ አድጓል፣ ቀበቶ የለውም፣ ሱሪውን በእጁ ይዟል። ሊቀመንበሩ ጓድ ይርጋ የሚባል፣ ሲስቅ ታይቶ የማያውቅ ሰው ነበር። መጽሐፉን ከፍ አድርጎ ለሰዉ አሳየ።

«ይህ ቁጥር ምንድን ነው?»

«ጣት ነው ጓድ ሊቀመንበር። አንደኛው መጀመሪያ ይታጠፋል፣ ሁለተኛው ቀጥሎ።»

«ቀስቱስ ወዴት ነው የሚያመለክተው?»

«ወደ አውራ ጣት ነው።»

ከኋላ ወይዘሮ ጥሩነሽ ብድግ አለች። «ልጄ ይርጋ፣ ይህ ወረቀት የኔ ግድግዳ ላይ ስንት ዘመን ተለጥፎ ኖሯል፣ የገለበጠው መንግሥት የለም!» አለች። ሰዉ ሳቀ፤ ወዲያውም ደንግጦ ዝም አለ። ጓድ ይርጋ አልሳቀም። ገጾቹን ይገልጣል፣ ይገልጣል፤ ቆመ። የቆመበትን አንገቴን አስግጌ አየሁ። የገመዱና የቀለበቱ ገጽ ነው!

«ጨዋታ ነው ካልክ ይህን እዚሁ አድርግ። ካደረግህ ጨዋታ ነው። ካላደረግህ...» አለና ሳይጨርስ ተወው።

በዚያ ሁሉ ሰው መሐል መኳንንት ያንን እንደማያውቀው የምናውቀው እኔና እትዬ የሻረግ ብቻ ነን። ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። ከዚያ ሱሪውን ጠበቅ አድርጎ ቋጠረና «ሲባጎ አምጡልኝ» አለ፣ ገበያ ላይ በሚናገርበት ድምፅ።

ከጆንያ አፍ ሲባጎ ተፈትቶ መጣ። ቀለበት ሲባል ጓድ ይርጋ «ቀለበት አያስፈልግም» አለና ከኪሱ ቁልፍ አወጣ። የመጋዘኑ ቁልፍ ነው፤ ሣጥኑ የተቆለፈበት! ሲባጎውን በቁልፉ ቀዳዳ አሾለከ፣ አንዱን ጫፍ ለጠባቂው ሰጠ፣ ሌላውን በራሱ እጅ ጠቀለለ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ነጠላዋን ሰጠች። መኳንንት ቁልፉን በነጠላው ሸፍኖ እጁን ከሥር አስገባና ማውራት ጀመረ። «ወባ ስትገባ አያችኋት? አላያችኋትም። ስትወጣስ?» ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ነጠላውን ገለጠ። ቁልፉ እንዳለ ነው። አዳራሹ በሙሉ ተነፈሰ። እትዬ የሻረግ ፊቷን ሸፈነች።

«አንድ ጊዜ ደግሞ» አለ መኳንንት፣ ፈገግ ብሎ። ፈገግ ብሎ እኮ ነው! «ጓድ ሊቀመንበር፣ ጠበቅ አድርገው ይያዙ፤ አይመኑኝ። እጄን አይዩ፣ ጫፉን ይዩ። ጫፉ እርስዎ ጋ ነው፤ እርስዎ ካልለቀቁ ማን ይለቃል?» ጓድ ይርጋ ጫፉ ላይ አፈጠጠ፤ ጠባቂውም አፈጠጠ፤ እኔ ራሴ አፈጠጥኩ። ጧ! ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

ነጠላው ሲነሣ ሲባጎው ሙሉ ነው፣ ጫፎቹም ከሰዎቹ እጅ አልወጡም። ከዚያ አንዷ እልል አለች፣ አዳራሹም ተከተላት። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ስጮህ እንደነበር የተነገረኝ በኋላ ነው። ጓድ ይርጋ ሲባጎውን ጎተተው፣ አገላብጦ አየው፣ በጥርሱ ሞከረው። ከዚያ ቁልፉን ለመኳንንት ሰጠና «ሣጥንህን ውሰድ። ለአብዮት በዓሉ ከቀበሌው የኪነት ቡድን ጋር ታሳያለህ» አለው። ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎም አንድ ነገር ሲጠይቀው አየሁ። መኳንንት ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ያን ጊዜ ጓድ ይርጋ ሳቀ፤ ጥርሱን ያየነው ያን ቀን ነው።

ሣጥኑን ላንድሮቨሩ ላይ ስንጭን «እንዴት አደረግኸው? ገጹ የለ!» ብዬ ጮህኩበት። ሣጥኑን ወደ ውስጥ እየገፋ «ሰው ሲጨንቀው እጁ ያስባል። በል አትጩህ፣ ንዳ» አለኝ።

ካለፈ ብዙ ጊዜ በኋላ፣ ትክል ድንጋይ ገበያ ከአንዲት ባለቅመም ጥቁር አዝሙድ ስገዛ፣ ወረቀቱን አየሁት። ሁለት እጅ፣ ገመድ፣ ቀለበት፣ ቀስት። ገጿ ናት! አዝሙዱን ኪሴ ውስጥ ገልብጬ ወደ ጎንደር እንዴት እንደነዳሁ መኪናው ይናገር። ቤቱ ደርሼ «አገኘኋት!» ብዬ ሰጠሁት። መኳንንት እጁን ታጠበ፣ ነጩን ጨርቅ አነጠፈ፣ ወረቀቷን አስቀመጠ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

«እይ እንጂ!»

«አላይም። ይህችን ካየሁ እኮ ፍለጋው አለቀ ጌታሁን። እኔም ደግሞ የራሴን አግኝቻለሁ።»

ተናደድኩ። ክፉኛ ተናደድኩ! ያን ሁሉ መንገድ በርሬ የመጣሁበትን አያየውም? ቁጣዬን አስጨረሰኝና ወረቀቷን አጣጥፎ አጣጥፎ በመዳፉ ጨበጣት። እፍ አላት። የለችም።

«የት አደረግሃት?»

«ሩቅ አልሄደችም።»

አኮረፍኩት። አብረን እየሄድን ሳናወራ እንውላለን። በኋላ ሊታረቀኝ ሲፈልግ ስፌቱ የለቀቀውን የመንጃ ፈቃዴን የቆዳ ማቀፊያ ተቀብሎኝ በሰም ክር ሰፍቶ አመጣልኝ። እጁ ለሁሉ ነገር ነበር። እኔም ኩርፊያዬን ተውኩ። ገጿን ግን አልረሳሁም። በየመንገዱ «የት ደበቅሃት?» እለዋለሁ፤ እሱም ያችኑ «ሩቅ አልሄደችም» ይለኛል። እስኪሞት ድረስ ይችው ናት መልሱ።

እንግዲህ ወደ ድንኳኑ። ሰዉ ተቀምጧል፣ እኔ ጥግ ይዤ እንደ ሕፃን አለቅሳለሁ። ጓደኛዬ ነበር። እትዬ የሻረግ ጥቁሯን ለብሳ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

«ጌታሁን፣ መኳንንት አደራ ያለኝ ነገር አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ አላወቅሁትም። 'ጌታሁን ሲያለቅስ ካየሽው፣ መንጃ ፈቃድ በይው' ብሎኛል።»

ሾፌር ነኝ፤ መንጃ ፈቃድ ሲባል እጄ ሳላዘው ወደ ደረት ኪሴ ይሄዳል። አወጣሁት። የሰፋውን ስፌት በጣቴ ዳበስኩት። አንድ ጎኑ ከሌላው ወፈር ይላል፤ በነዚያ ሁሉ ዓመታት ልብ ብዬው አላውቅም። ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። ከቆዳው መሐል አራት ማዕዘን የታጠፈች ወረቀት ወጣች። የጥቁር አዝሙድ ሽታዋ አልለቀቃትም።

በየኬላው ፈታሽ በመጣ ቁጥር፣ ትራፊክ ባስቆመኝ ቁጥር፣ የዚያን ሊያስገድለው የነበረ መጽሐፍ ገጽ በገዛ እጄ አውጥቼ «እነሆ ጌታዬ» እያልኩ ሳቀብል ኖሬያለሁ! እነሱም አገላብጠው አይተው «በል እለፍ» ይሉኛል! መኳንንት ጎኔ ተቀምጦ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ያህል ሳቁን እንደዋጠ ታየኝ። ያን ጊዜ ነው ያመለጠኝ። ሳቅሁ። እንባዬ እየወረደ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሽማግሌዎቹ ዞረው ገላመጡኝ፤ አንዱ «ኧረ በሥላሴ!» አለ።

እትዬ የሻረግ ወረቀቷን አየች፣ እኔን አየች።

«ሆነለት?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ሆነለት» አልኳት።

እሷም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።